ትንንሽ ብልቃጦች እንዳይደፉ፦ አንድ ጥያቄና 31 ምላሾች

ጥያቄውን በአንድ የውይይት መድረክ ላይ የጣለው ሰው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጠጋኝ ነው። ፍላክስ (ብየዳው በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ ፈሳሽ)፣ አልኮል፣ ሱፐር ግሉና አሴቶን ከጠረጴዛው አይጠፉም። ሁሉም በትንንሽ ብልቃጥ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ገና ሲነኩ የሚወድቁ። አንዴ ክርኑ ይነካቸዋል፣ አንዴ የመበየጃው ገመድ ይጎትታቸዋል። በቅርቡ ደግሞ ፍላክሱ ተገልብጦ፣ ተጠግኖ ያለቀ የደንበኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ፈሰሰ። ስለዚህ ጠየቀ፦ ሳትገዙ፣ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ሠርታችሁ ብልቃጥ የምታቆሙት በምንድን ነው?

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አምስት ስድስት ምላሽ መጥቶ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን የራሱን መልስ አከለበት። ጉዳዩ ክብደት ብቻ ነው አለ። ከብልቃጡ ሥር ወፍራም ብረት በሱፐር ግሉ ለጥፎ እንደተገላገለ፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ትርፍ ድካም እንደሆነ ጻፈ። የውይይቱን ክር ያስረዘመው ይህ አባባል ነው። እኔንም እስከ መጨረሻው ያስነበበኝ እሱ ነው። ክብደት ይረዳል፤ ብልቃጥን የሚያቆመው ግን ከሁሉ በፊት የመቆሚያው ስፋት ነው። ውይይቱ እዚያ ለመድረስ ብዙ ዞረ፤ በዞረበት ሁሉ ግን የሚጠቅም ነገር ተገኘ።

የመጀመሪያው ምላሽ ምስጋና ነበር። ጸሐፊው በሐሳቡ ተስማማና እሱ በብረት ቁራጭ ፈንታ ትልቅ ሮንዴላ እንደሚለጥፍ ተናገረ። ሮንዴላ ክብ ስለሆነ ሹል ጥግ የለውም፤ ገመድም እጅጌም አይዝበትም።

ምላሽ 2 ከአንድ መካኒክ መጣ። እሱ ያለቀ ኩሽኔታ (አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሽከረከር ባለሁለት ቀለበት ብረት) አያጣም። ጎኑ ላይ 6205 የሚል ቁጥር ያለበት ኩሽኔታ የመሐል ቀዳዳው 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጭ ስፋቱ 52፣ ውፍረቱ 15 ነው። ከ25 ሚሊ ትንሽ የሚቀጥን ብልቃጥ ልክክ ብሎ ይገባበታል። ብልቃጡ ወፈር ካለ 6206 አለ፤ የእሱ ቀዳዳ 30፣ የውጭ ስፋቱ 62 ነው። መብሳት የለ፣ መለጠፍ የለ። ከባድም ነው፣ ሰፊም ነው። ይህን ሳነብ መልሱ ተገኘ ብዬ ነበር። አንድ ጉድለት አለበት፤ እሱን ምላሽ 22 ያነሳዋል።

በምላሽ 3 አንድ አናጢ ሰፊ ማብራሪያ ጻፈ። የእሱ መንገድ የታወቀው የጣውላ መቆሚያ ነው፤ ጣውላ ይቆረጣል፣ ይበሳል፣ ብልቃጡ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀመጣል። ልምድ ያለው ሰው መሆኑ የሚታወቀው በዝርዝሩ ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት የብልቃጡን ቁመት ከሲሶ እስከ ግማሽ መያዝ አለበት ይላል። ከሲሶ ካነሰ ብልቃጡ ሲነካ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከግማሽ ካለፈ ለማንሳት ጣት የሚይዝበት ቦታ ያጣል። ጉድጓዱ ከብልቃጡ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ልክ ከተደረገ ጣውላው እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ብልቃጡን አንቆ ይይዘዋል። ለስላሳ የፕላስቲክ ብልቃጥ ከሆነ ደግሞ ተጠቅጥቆ ሲገባ ጎኑ ይጨመቅና ፈሳሹ በአፉ ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ ግን የወደድኩለት የመጨረሻውን ነው። ከጉድጓዱ ወለል እስከ ጣውላው ሥር ድረስ ሌላ ቀጭን ቀዳዳ ይበሳል። የተንጠባጠበ ሙጫ ብልቃጡን ከወለሉ ጋር ሲያጣብቀው ከሥር በሚስማር ገፋ ማድረግ ይበቃል። የጣውላ መቆሚያ የሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ይህችን ቀዳዳ ይረሳታል፤ የሚያስታውሳት ብልቃጡ አልወጣም ሲል ነው።

ምላሽ 4 ሁለት መስመር ብቻ ናት፤ ለእኔ ግን ከክሩ ሁሉ ትልቁን ቦታ ይዛለች። ብልቃጡ ግማሽ ድረስ ጣውላ ውስጥ ከገባ የስሙ ወረቀት ይሸፈናል አለች ጸሐፊዋ። አልኮልና አሴቶን ሁለቱም ውሃ ይመስላሉ። መፍትሔዋ የጣውላውን ፊት በመጋዝ ቆርጦ መስኮት መክፈት ነው፤ ብልቃጡ ከኋላና ከጎን ተይዞ ስሙ ከፊት ይነበባል። ስሙን ጣውላው ላይ መጻፍ ግን አደጋ ነው ብላ አስጠነቀቀች። ብልቃጦቹ አንድ ቀን ቦታ መቀያየራቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ጣውላው አሴቶን እያለ ውስጡ ያለው ሌላ ይሆናል።

ወዲያው አናጢው ተመልሶ ትክክል እንደሆነች ጻፈ፤ የራሱን ጣውላ ፊት ሊቆርጥ እንደሚሄድም አከለ። ይህ 5ኛው ምላሽ ነው።

6ኛው ወደ ጥያቄ አቅራቢው ዞረ። በትሕትናና በአንቱታ ነው የጻፈው። ብረቱ በምን ዓይነት ብልቃጥ ላይ እንደተለጠፈ ጠየቀ። አብዛኞቹ ተጨምቀው የሚጠቀሟቸው ብልቃጦች ፖሊኤቲሊን ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ ሱፐር ግሉ ደግሞ ፖሊኤቲሊን ላይ በወጉ አይይዝም። ይህ ሙጫ የሚሸጥበት ብልቃጥ ራሱ ብዙ ጊዜ ከዚሁ ፕላስቲክ የሚሠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ብረቱ ዛሬ የያዘ ቢመስልም አንድ ቀን ብልቃጡ ብቻውን ይነሳል፣ ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። ለመስታወት ብልቃጥ ሲሊኮን ይሻላል አለ። ሲሊኮን መስታወትን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲፈለግ ደግሞ በስለት ይቆረጣል። ሱፐር ግሉ መስታወት ላይ ሲደርቅ ግን ተሰባሪ ነው፤ አንድ ጥሩ ምት ይለየዋል።

ምላሽ 7 ስሌት ይዞ መጣ። ውይይቱ መልክ የያዘው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልተርከው።

ብልቃጥ የሚገለበጠው የክብደቱ ማዕከል ከመቆሚያው ጠርዝ ውጭ ሲያልፍ ነው። ጸሐፊው ምሳሌ ወሰደ፦ ሥሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 40 ግራም የሆነ ብልቃጥ። የክብደቱ ማዕከል መሐል ላይ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። ይህ ብልቃጥ ወደ 22 ዲግሪ ሲያዘነብል ይወድቃል። አሁን ከሥሩ ስፋቱ ከብልቃጡ ጋር እኩል የሆነ 40 ግራም ብረት ይለጠፍ። ክብደቱ በእጥፍ ጨመረ፤ የሚወድቅበት ማዕዘን ግን 28 ዲግሪ ገደማ ብቻ ሆነ። ያንኑ 40 ግራም ብረት ጠፍጥፈን 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስስ ክብ ብናደርገውስ? ማዕዘኑ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ብረቱ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው ነው። የተለወጠው ስፋቱ ብቻ ነው።

ጥያቄ አቅራቢው በ8ኛው ምላሽ ብቅ አለ። ደስ አላለውም። ስሌት ወረቀት ላይ ጥሩ እንደሆነ፣ የእሱ ብልቃጥ ግን ብረቱ ከተለጠፈበት ጀምሮ አንዴም እንዳልወደቀ ጻፈ። 9ኛው ምላሽ አንቱታውን ትቶ በአንተ መጣበት። ጠያቂው የለጠፈውን ፎቶ አይቶ የብረቱ ስፋት የብልቃጡን ሁለት እጥፍ እንደሚሆን አስተዋለ። እንግዲህ ብልቃጥህን ያቆመው ስፋቱ ነው፣ አንተ ግን ምስጋናውን ለክብደቱ ሰጠህ ብሎ ደመደመ። ከዚያም ያላነበቡትን ከመቃወም ማንበብ ይቀድማል የሚል መንፈስ ያለው አንድ መስመር ጨመረ። ነጥቡ ትክክል ነው። ያ የመጨረሻ መስመር ግን ባይጻፍ ይሻል ነበር፤ ጠያቂው ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

10ኛው ምላሽ ነገሩን ለማብረድ ሞከረ፤ ተሳካለትም። ክብደት ጥቅም የለውም ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። ከባድ መቆሚያ ሲነካ ቶሎ አይንሸራተትም፣ ለመገልበጥም ጠንከር ያለ ምት ይፈልጋል። አስከትሎም ስለ ፈሳሹ መጠን አነሳ። ብልቃጡ ሙሉ ሲሆን የክብደቱ ማዕከል መሐል አካባቢ ነው። ሲጎድል ማዕከሉ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። ሊያልቅ ሲል ግን የሚቀረው የብልቃጡ የራሱ ክብደት ነውና ማዕከሉ ተመልሶ ከፍ ይላል፤ በዚያ ላይ ብልቃጡ ቀሏል። ክዳኑ ላይ ብሩሽ ያለው ብልቃጥ ደግሞ አናቱ ስለሚከብድ የባሰ ነው። ሊያልቅ የተቃረበ ብልቃጥ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚወድቅ እንደዚህ ግልጽ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ማግኔት መጣ። ምላሽ 11 የሥራ ጠረጴዛው ላይ የብረት ሉህ አንጥፎ፣ ከብልቃጦቹ ሥር ማግኔት ለጥፎ ይሠራል። ብልቃጡ ቢመታም ንቅንቅ አይልም። ምላሽ 12 የሰዓት ጠጋኝ ነው፤ አጻጻፉም ቁጣ ያለበት ነበር። ማግኔት ሰዓት የሚጠገንበት ጠረጴዛ አጠገብ እንዳይደርስ አለ። የሰዓቱ ስስ ጥቅል ሞላ በማግኔት ከተያዘ ጥቅልሎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ርዝመቱ ያጠረ ያህል ይሆናል፣ ሰዓቱም መቅደም ይጀምራል። መፍቻው ማግኔት ከሆነም ጥቃቅን ብሎኖችን እየጎተተ ሥራ ያበላሻል። ባለማግኔቱ በ13ኛው ምላሽ ይቅርታ ጠየቀ። እሱ ቆዳ እንጂ ሰዓት እንደማይነካ፣ ለማስጠንቀቂያው ግን እንደሚያመሰግን ጻፈ። የሰዓት ጠጋኙም በ14ኛው ለዘበ፤ ለቆዳ ሥራ ማግኔት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የብረት ብናኝ ብቻ ቶሎ ቶሎ ይጠረግለት አለ።

ከ15 እስከ 18 ያሉት ስለ ጄሶ ናቸው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የጣፈጠው ክፍል ይህ ነው። 15ኛው ጄሶ በጥብጦ በፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ እንዳፈሰሰና ብልቃጡን መሐሉ እንደተከለ ይናገራል። ሲደርቅ ብልቃጡ አልወጣም አለ። ምክንያቱን 16ኛው ነገረው፦ ጄሶ ሲጠነክር በጥቂቱ ያብጣል። ስለዚህ ብልቃጡ አስቀድሞ በወረቀት ሁለት ዙር ይጠቀለል፣ በላዩ ስስ ላስቲክ ይጠምጠም። ጄሶው ያዝ ሲያደርግ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ብልቃጡ ዞር ዞር ተደርጎ ይውጣ። ወረቀቱ ሲነሳ የሚቀረው ክፍተት ለብልቃጡ በቂ ነው።

17ኛው ግን ስህተቱ ሌላም ቦታ እንዳለ አሳየ። ኩባያ አፉ ሰፊ፣ ሥሩ ጠባብ ነው። ጄሶው በዚያው አቋሙ ከቆመ ጠባቡ መቆሚያ ሆነ ማለት ነው። ይህ ደግሞ ምላሽ 7 ካስረዳው ጋር በቀጥታ ይጣላል። እሱ የሚያደርገው ተገላቢጦሹን ነው። የብልቃጡን ያህል ስፋት ያለው፣ ቁመቱ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እንጨት ይቆርጣል። በወረቀትና በላስቲክ ጠቅልሎ ከኩባያው ወለል ጋር ያጣብቀዋል። እንጨቱ ተሸፍኖ በላዩ ጥቂት እስኪተርፍ ጄሶውን ያፈስሳል። ሲጠነክር ኩባያውን ገልብጦ ይቀደዋል። አሁን ሰፊው አፍ መቆሚያ ሆነ፣ ጠባቡ ወደ ላይ ዞረ፣ እንጨቱ የነበረበት ደግሞ የብልቃጡ ጉድጓድ ሆነ። ትንሽ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ጄሶና ያንኑ ኩባያ ይዞ ሁለት ዓይነት ውጤት ያመጣል።

18ኛው ያልተቀባ ጄሶ እየተፈረፈረ ብናኝ እንደሚያመጣ አስታወሰ። ቫርኒሽ ወይም ቀለም ይቀባ፣ ከሥሩም ጨርቅ ይለጠፍበት አለ።

በምላሽ 19 አንድ ሰው ቀላሉን መንገድ ጠቆመ፤ ዕቃ ታሽጎ ከሚመጣበት ነጭ ፎም ላይ ቆርጦ፣ ቀዶ፣ ብልቃጥ መሰካት። ምላሽ 20 ሳይውል ሳያድር መለሰለት። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ነው፤ አሴቶን ሲነካው ይሟሽሻል። አንዲት ጠብታ ጉድጓዱን ታሰፋለች፣ ብልቃጡ ይዘምማል፣ ሌላ ጠብታ ይፈስሳል፣ ከዚያ ነገሩ ራሱን ያፋጥናል። በዚያ ላይ ፎም ክብደት የለውምና ብልቃጡን ይዞ ይገለበጣል። የ20ኛው አነጋገር ሸካራ ነበር። ቢሆንም በአሴቶን ጉዳይ ሸካራ ማስጠንቀቂያ ከለስላሳ ዝምታ ይሻላል ባይ ነኝ።

አሴቶን ሲነሳ እሳት ተነሳ። ምላሽ 21 ክፍት የአሴቶንና የአልኮል ብልቃጥ ከትኩስ መበየጃ አጠገብ ማቆም እብደት ነው ብሎ ጻፈ። የአሴቶን ትነት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ላይ እንኳ በብልጭታ ይያያዛል፤ የአይሶፕሮፒል አልኮል ደግሞ 12 ዲግሪ አካባቢ። የሁለቱም ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጠረጴዛው ላይ እየተሳበ ራቅ ወዳለ ብልጭታ ሊደርስ ይችላል። ከዚያው ጋር፣ ብልቃጥ ከመውደቁ ይልቅ ተከፍቶ መቆየቱ የባሰ እንደሆነ ተከራከረ። ክዳኑ የተዘጋ ብልቃጥ ቢወድቅ ምን ይሆናል?

ምላሽ 22 በዚህ ላይ ሁለት ነገር አለው፤ ሁለቱንም በደንብ አስቀመጠ። አንደኛው እርማት ነው። አሴቶን ያለ ብልጭታ በሙቀት ብቻ የሚቀጣጠለው 465 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ አይሶፕሮፒል 399 አካባቢ ነው። 350 ዲግሪ ላይ ያለ መበየጃ ከዚያ በታች ነው። የሞቀ አየር የሚተፋው መሣሪያ ግን ከ400 ሊያልፍ ይችላል፤ የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታም አለ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ይጸናል፣ ምክንያቱ ብቻ ይስተካከል አለ።

ሁለተኛው ስለ ክዳን ነው፤ ኩሽኔታውም የሚነሳው እዚህ ነው። ሰው ክዳን ከፍቶ የሚተወው አንድ እጁ ሥራ ስለያዘ ነው። በአንድ እጅ ብቻ የሚከፈትና የሚዘጋ ብልቃጥ ተዘግቶ ይውላል። ለዚህ ደግሞ መቆሚያው ብልቃጡን ከመሽከርከር መያዝ አለበት። ኩሽኔታ ግን ሥራው መሽከርከር ነው። ክዳኑ ሲጠመዘዝ ብልቃጡ ከውስጠኛው ቀለበት ጋር አብሮ ይዞራል፣ ክዳኑ አይከፈትም። መካኒኩ ይህን አይቶ በ23ኛው ምላሽ መፍትሔ ይዞ ተመለሰ፦ በሁለቱ ቀለበቶች መሐል ሙጫ ማንጠባጠብ፣ ወይም ዝጎ የደረቀ ኩሽኔታ መምረጥ። ሁለት ሰዎች ሳይጋጩ አንድ ነገር ሲያሻሽሉ ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ ወሬው ትንሽ ከመስመር ወጣ። 24ኛው ስለ ሱፐር ግሉ ሲወራ የተደፋውን በጥጥ ጨርቅ መጥረግ አደገኛ መሆኑን አነሳ። ጥጥና ሱፐር ግሉ ሲገናኙ በፍጥነት ይሞቃሉ፤ ጨርቁ ሊጨስና እጅ ሊያቃጥል ይችላል። 25ኛው ከዚያ ተነስቶ ተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ሲጣል በራሱ ሊነድ እንደሚችል ጻፈ። ጨርቁ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ ተነክሮ ክዳን ባለው ጣሳ ይቀመጥ አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ቤት ያድናሉ። 26ኛው ግን ስለ ብልቃጥ እያወራን ጨርቅ ምን አመጣው ብሎ ተቆጣ። ቁጣው አልገባኝም። የተደፋውን እንዴት እንደምንጠርገው ካልተነጋገርን ስለ መደፋት ለምን እንነጋገራለን?

ምላሽ 27 ትንንሽ የመጫወቻ ሞዴሎችን ቀለም ከምትቀባ ሴት ነው፤ የጥያቄውን መሠረት ነካች። እሷ ከብልቃጡ በቀጥታ አትሠራም። የሚበቃትን ጠብታ በትንሽ ዝርግ ሳህን ላይ ታወጣለች፣ ብልቃጡን ዘግታ ወደ ኋላ ትመልሳለች። ቢደፋ የሚደፋው ጠብታው ነው። በተጨማሪ የተረፈው ተመልሶ ስለማይገባ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። 28ኛው ይህ ለቀለምና ለፍላክስ እንደሚሠራ ተስማማ። አሴቶንና አልኮል ግን ሳህን ላይ ይተንናሉ፤ ሱፐር ግሉም ተዘርግቶ ብዙ አይቆይም። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ በተለይ ፍላክስ ለሚጠቀም ሰው። ጥያቄ አቅራቢው የደንበኛ ሰሌዳ ላይ የፈሰሰበት እኮ ፍላክስ ነው።

29ኛው ምላሽ እስካሁን ማንም ያላነሳውን አነሳ፤ ከመቆሚያው በታች ዝርግ ትሪ ማስቀመጥ። ምንም ያህል ሰፊ መቆሚያ ቢሠራ አንድ ቀን የሆነ ነገር ይወድቃል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ትሪ 100 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 30 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ ሙሉ በሙሉ ቢደፋ እንኳ ከትሪው አይወጣም። ለአሴቶን የብረት ትሪ ይሁን አለ። ምላሹን የዘጋው በአንድ ጠበቅ ያለ ማሳሰቢያ ነው፦ ብልቃጡ ተሰበረ፣ መቆሚያው አልገጠመ ተብሎ ኬሚካል ወደ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገልበጥ። መጠጥ የሚመስል ጠርሙስ አንድ ቀን የሚጠጣው ሰው ያገኛል። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የትኛውም ጀማሪ ሊያነበው ይገባል።

በመጨረሻ ጥያቄ አቅራቢው በ30ኛው ምላሽ ተመለሰ። ቅሬታው የለም። ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላይውድ ቆርጦ፣ መሐሉ ላይ በ3 ሴንቲ ሜትር ቁመት የተቆረጠ የፒቪሲ ቱቦ ለጥፏል። ቱቦውን ከፊት በኩል ሰንጥቆ ስሙ የሚነበብበት መስኮት ከፍቷል፤ ይህ የምላሽ 4 ምክር ነው። የቀድሞውን ከባድ ብረት አልጣለውም፣ ከፕላይውዱ ሥር ለጥፎታል። ቱቦው ግን ለሁሉም ብልቃጥ ልክ አልሆነም። የፍላክሱ ገባ፣ የአልኮሉ ቀጥኖ ይንቀጫቀጫል፣ የማሽን ዘይቱም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ሌላ ቱቦ ከመፈለግ የሚሻል ዘዴ እንዳለ ጠየቀ። ቱቦውን ለአሴቶንም ይጠቀምበት እንደሆነም ጨመረ።

31ኛው ምላሽ በእርጋታ አንድ በአንድ መለሰለት። ለአሴቶን አይሆንም፤ አሴቶን ፒቪሲን ያለሰልሳል፣ የሚንጠባጠበው ቱቦውን ያበላሸዋል። ለእሱ የአናጢው ጣውላ ወይም የመካኒኩ ኩሽኔታ ይሁን። ለሚንቀጫቀጠው ብልቃጥ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ሦስት ቀጫጭን ቁራጮች ቆርጦ በቱቦው ውስጥ እኩል አራርቆ መለጠፍ ይበቃል። ዙሪያውን በሙሉ ማልበስ አያስፈልግም። ክፍተት ከሌለ ብልቃጡ ሲነሳ አየር ስለማይገባ መቆሚያው አብሮ ይነሳል፤ በጎማዎቹ መሐል ያለው ክፍተት ይህን ያስቀራል። ጎማው ብልቃጡን ስለሚቆነጥጠው ክዳኑም በአንድ እጅ ይከፈታል። የማሽን ዘይት ግን የካላማዳሪያን ጎማ ያሳብጣል፣ ያለሰልሳልም። ስለዚህ ለዘይቱ ብልቃጥ በጎማው ፈንታ ስስ ቆዳ ይለጠፍ፤ ሻካራው ፊቱ ወደ ብልቃጡ ይዙር።